የዓርብ ማዕድ በሎጊያ

እጄ ተነስቶ ነበር። ግራ እጄን ጨብጬ እንደ ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ ዘርግቼ፣ «ከሁሉም በላይ አብዮት!» ብዬ ገና አፌን ሳልገጥም ነው ነገሩ የመጣው። ቀኑ እሑድ ነው፣ ቦታው አዋሽ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ። ከወረዳ የመጣው ካድሬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ጓዶች፣ እታች ዱብቲ ጥጥ እርሻ ላይ ለአብዮቱ እጃችንን አናነሳም ያሉ ሦስት ጴንጤዎች ተገኝተዋል» አለ። «ሁለቱ ወደሚገባቸው ቦታ ሄደዋል። ሦስተኛዋ እስከ ቅዳሜ ታስብበት ተብላለች። እሷ ደግሞ የዚሁ የእናንተ ከተማ ልጅ ናት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ እጄን ማውረድ ረሳሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ስንት ዘመን እሳት የተጫጫርን ጎረቤቴ፣ ክንዴን በጣቷ ነካ አድርጋ «አውርጂው እንጂ እትዬ አስካለ፣ መፈክሩ እኮ አልቋል» አለችኝ። ከኋላ የሳቀ ነበር። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስሙን ግን አልጽፍም፤ እሱም ኋላ ልጁን ለዘመቻ ወሰዱበት።

ልጄ ጽጌ እዚያ እርሻ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበረች። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። አባቷ ባቡር ላይ ሲሠራ ሞተ፤ እኔ ጣቢያው በር ላይ ሻይና አምባሻ እየሸጥኩ አሳደግኋት። ጴንጤ መሆኗን አውቅ ነበር። ለእረፍት መጥታ አንገቷ ላይ ማተብ ያጣሁባት ቀን አልቅሼ፣ ረግሜ፣ ኋላም ዝም ብዬ ነበር። ሰው ልጁ ጠጪ ስትሆንበት ዝም እንደሚለው። ይገድሏታል ብዬ ግን አላሰብኩም። ለምን ብዬ? ሁላችንም ክርስቲያን ነን እንል የለም እንዴ?

ይህን የምጽፈው ወደዚያ አገር ለማይሄድ ሰው ነው። ፊደሉን ያስቆጠረኝ ደርግ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። መስመሬ ቢንጋደድ እሱን ጠይቁ።

ሰኞ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው በማያየን በኩል ተቀበሉኝ።

«አባ፣ ልጄን ኢየሱስ ከሁሉ በላይ ነው ብላ ሊያጠፉብኝ ነው። እኛስ እንደዚያ አይደል የምንል?»

«እኛ የምንለውና እነሱ የሚሉት አንድ አይደለም።»

«እኮ ልዩነቱን ይንገሩኝና ለእሷም ልንገራት። እኛ ማነው የምንለው?»

ወደ በሩ አዩ። መልሰው መሬት መሬት አዩ። «አባቶች ያስቀመጡልን አለ፤ አንቺ ያንን ይዘሽ ዝም በይ። ትሄጃለሽ አይደል? መንገዱ የእስላም አገር ነው። ሥጋቸውን እንዳትነኪ። ማተብሽንም እንዳትፈቺ።» መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ለልጄ የሚሆን አንድ ቃል አልሰጡኝም። ፈርተው ነው፤ እኔም ፈርቼ ስለነበር አልፈረድኩባቸውም። አሁን ነው የምፈርደው።

የሥጋውን ነገር ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ የእስላም ቢላ ያረደውን የበላ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል። እነሱም የእኛን አይበሉም። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም፤ አዋሽ ላይ ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይጣላል፣ ሁለት ዳስ ይተከላል፣ ዘፈኑ ግን አንድ ነው። እንደዚያ ሆነን ነው የኖርነው።

ማክሰኞ ጠዋት በቀለ በሚባል ሾፌር ቦቴ ተሳፈርኩ። ከአሰብ ነዳጅ ሊጭን ባዶውን የሚወርድ ነው። ከባቡር ጣቢያው ሻይ ይጠጣ ስለነበር ያውቀኛል። ለቀበሌው «ለቅሶ ነው» አልኩ። በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ ቋጥሬያለሁ። በቀለ ሩቅ ሳንሄድ ጠየቀኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ልጅቱ ግን ምን ሆና ነው?»

«እጄን አላነሳም ብላ ነዋ።»

«ኧረ ባክሽ! እኔ በቀን አሥር ጊዜ አነሳለሁ። ኬላ ሳይ አነሳለሁ፣ ወታደር ሳይ አነሳለሁ፣ ፍየል መንገድ ሲሻገርም አነሳለሁ፤ ማን ያውቃል፣ ፍየሉም ተደራጅቶ ይሆናል። እጅ ምን አለበት?»

«እሱን ለእሷ ንገርልኝ» አልኩት። ስቄም ነበር። እግዜር ይስጠው፣ በዚያ መንገድ ሁሉ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው።

አዋሽን ሞቃት ነው ትላላችሁ። አዋሽ ማታ ማታ ከገደሉ በኩል ነፋስ ይወጣል፣ ባቡሩም ሲያልፍ አየር ይዞ ያልፋል። ወደ ገዋኔ ስትወርዱ ግን ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ላይ እንደተነሳ ነው። የቦቴው በር እጅ ይለበልባል። ሜዳው ደግሞ አያልቅም፤ እሾህ፣ ግመል፣ እሾህ፣ ከዚያ አንድ ብቻውን የቆመ ትልቅ ተራራ። የእኛ ተራራ ወንድም እህት አለው፤ ያ ብቻውን ነው። እያየሁት ልጄን አሰብኩ።

ገዋኔ አደርን። ሆቴሉ ማለት ጣራው ሳር፣ አልጋው በጠፍር የተወጠረ፣ ደጅ የሚታደርበት ነው። ሽሮ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የሆቴሉ ባለቤት የወሎ እስላም፣ ሽበታም ነው፤ «እናቴ፣ እዚህ ያለው ፍየል ነው፣ የሌለውም ፍየል ነው» አለኝ። ጥግ ይዤ በሶዬን ልበጠብጥ ስል፣ ድስታቸው የነካውን ጣሳ እንደፈራሁ ገባው መሰለኝ ሳይናገር ወደ ጓዳ ገባና ከነወረቀቱ ያልተከፈተ አዲስ ብርጭቆ አመጣልኝ። «ይሄ ገና የማንም አይደለም» አለ። እኔ በአገሬ ለእንግዳ እስላም እንደዚህ አስቤለት አውቅ ይሆን? አላስታውስም።

ረቡዕ አዳይቱ ስንደርስ የመኪናው ራዲያተር ፈላ። በቀለ እየረገመ ከተሽከርካሪው ሥር ገባ፤ እኔ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀመጥኩ። አንዲት የአፋር ሴት ከጎጆዋ ወጥታ በዕቃ ወተት አመጣችልኝ። ረቡዕ ጾም ነው። ጾም ነው ማለትን በአፋርኛ አላውቅም። በእጄ ደረቴን ነካሁ፣ ሰማይ አሳየሁ፣ አንገቴን ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ ወተቱን የናቅሁባት መሰላት፣ ፊቷ ጠቆረ። በቀለ ከመኪናው ሥር ወጥቶ የእኔንም የእሱንም ጠጣ፤ አፉን እየጠረገ «እኔ ለሁለታችን እኮነናለሁ» አለ። ሴትዮዋ ያኔ ሳቀች። ለራዲያተሩም የራሷን ውኃ፣ ከስንት ሩቅ ተሸክማ ያመጣችውን፣ ሰጠችን። አዋሽ ላይ ውኃ ቧንቧ ከፍቶ መጨቃጨቅ ነው። እዚያ ውኃ የሰጠሽ ሰው ዕድሜ ነው የሰጠሽ።

ሚሌ ኬላው ላይ ሁላችንን አወረዱን። እጅ አንሱ አላሉንም፤ እኛው ቀድመን አነሳን። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ያነሳሁት። እዚያው ሚሌ አደርን፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሎጊያ ገባን። በቀለ የሚያርፍባት ቤት አለችው፣ የሐዋ ሆቴል ይሏታል። ሐዋ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ የምትል፣ ከባቲ የመጣች ባል የሞተባት ሴት ናት። በቀለ እኔን ለእሷ አደራ ሰጥቶ ወደ አሰብ ወረደ። ዓይኔን ማየት አቅቶት መሪውን እያየ ነው የተሰናበተኝ።

ሐዋ ወደ ዱብቲ የሚሄድ የእርሻ መኪና እስኪመጣ ሻይ አቀረበችልኝና ነገሬን ሰማች። ሰምታ እንደጨረሰች እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

«ያ ረቢ! በዒሳ የተነሳ ነዋ?»

«በኢየሱስ።»

«ያው ዒሳ። ለእኛ ነቢይ ነው፣ ዐለይሂ ሰላም። ለልጅሽ ሞት እስከ መናቅ የሚያደርስ ነገር ሆኗል። ላንቺስ ማነው?»

«ለአባቶቻችን ጌታ ነው፣ አምላክም ነው።»

«አባቶችሽን መቼ ጠየቅሁ፣ እቱ?»

በክፋት አልነበረም። ገበያ ላይ ይሄ የማነው እንደሚባለው ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ከሕፃንነቴ እስከዚያች ቀን ልመናዬን በእመቤቴ በኩል፣ በጊዮርጊስ በኩል ነበር የምልከው፤ ለራሱ አንድ ቀን ቀጥ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ትልቅ ሰው ፊት እንደማይወራው። ሻዩን ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩላት። መኪናው መጣ።

ሰመራ የምትሉት ያኔ ከተማ አልነበረም። ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስ፣ የመንገድ ሠራተኞች ጥቂት ቆርቆሮ፣ በቃ። አሁን ትልቅ ከተማ ሆኗል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ያየሁት ጊዜ ግን ሰው የሚያርፍበት ጥላ እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዱብቲ ነው።

ዱብቲ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወንዙን ነው። የእኛው አዋሽ ነው። አዋሽ ከተማ ላይ ጥልቅ ገደል ውስጥ እየጮኸ ያልፋል፤ ልጆች ድንጋይ ወርውረው ድምፁን ይሰማሉ። እዚያ ግን ጭቃ ሆኖ፣ ደክሞ፣ በየቦዩ እየተከፋፈለ ጥጥ ያጠጣል። ባሕር ሳይደርስ እዚያው በረሃ ውስጥ ይቀራል አሉኝ። ከእኔ ቤት ሥር ያለፈ ውኃ እዚህ መጥቶ እንዲህ ይሆናል? አልኩ።

ጽጌን ክፍሏ ውስጥ አገኘኋት። ከሥራ አግደዋት ተቀምጣ ነበር፤ በዚህ በረሃ የት ትደርሳለች ብለው ዘበኛ አላቆሙባትም። ከስታለች። ስታየኝ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና የሆነውን ነገረችኝ፤ አብረዋት የተጠየቁት ሁለቱ ጓደኞቿ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ በሠራተኛው ሁሉ ፊት መድረክ ላይ ትወጣለች፤ ግራ እጇን አንስታ ከሁሉም በላይ አብዮት ነው፣ ኢየሱስ ተረት ነው ትላለች። ካላለች እንደ ጓደኞቿ ነው። ይሄው ነው ነገሩ።

«በይላቸዋ» አልኳት። «አንዴ በያቸውና እንሂድ። አፍ ነው። እጅ ነው እኮ፣ ልጄ!»

«እማዬ፣ አልችልም።»

«ምን አልችልም አለው? እኔ ስንቴ አነሳሁ! ምን ሆንኩ?»

 እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ፤ ከስድብ ይልቅ ያ አስተያየቷ ነው ያመመኝ።

«እሺ አትበዪ። እንሽሽ።»

«መሸሽስ ከእሱ ማፈር አይሆንም? ከፈቀደ እሞታለሁ።»

ያኔ ነው የተናደድኩት። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። «ስሚ» አልኳት፣ «ያ የምትሞችለት ጌታሽ ራሱ ሕፃን ሳለ ሄሮድስ ሲፈልገው እናቱ አዝላው ግብፅ አልወረደችም? ቁጭ ብዬ ልሙት አለ? አንቺን ጽጌ ያልኩሽ በዚያች በስደቷ ወራት፣ በወርኃ ጽጌ ስለወለድኩሽ ነው። እሱ እናቱን እሺ ብሎ ተሰዶ፣ አንቺ ከእሱ በልጠሽ ነው?»

 ከዚያ በዕንባዋ መካከል ሳቀች። «ይሄንን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። አሁን ነው የመጣልኝ።»

ተነስታ ነጠላዋን ፈለገች። ክፉ ቀን ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው እዩት፤ ልጄን በራሷ ጌታ አሸነፍኋት ብዬ ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን በዚያው ደስታዬ ሳፍር አደርኩ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ጥጥ ለቃሚዎች በሚመላለሱበት መኪና ላይ፣ በለቃሚዎቹ መካከል ተጨናንቀን ሎጊያ ደረስን። ሐዋ ሳትጠይቀን ወደ ጓዳ አስገባችን። «ቅዳሜ ጠዋት የባሌ ወንድም ዕቃ ጭኖ ወደ ሰርዶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ጅቡቲ የሚያሻግራችሁ አፋር አውቃለሁ። እስከዚያ እህቴና ልጇ ናችሁ።» ሁለታችንንም እንደ እሷ አለበሰችን። ፀጉራችንን ጥብቅ አድርጋ በሻሽ ሸፈነችው። ማተቤን እንድፈታ ጠየቀችኝ፤ አልፈታም አልኩ። አልተጫነችኝም፤ ሻሹን ወርዶ አንገቴን እንዲሸፍን አድርጋ ሸጎጠችልኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐዋ ገበታ አቀረበች። ትልቅ ትሪ፣ የፍየል ሥጋ በሩዝ ላይ። ልጄ እጇን ታጥባ ቀረበች። እኔ ከትሪው ዳር በሶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሥጋውም የእስላም ነው። እንዲያው ሁለት ጊዜ ክልክል ነው። ሐዋ ይህን አውቃ ከእኔ በኩል ቂጣ አድርጋልኝ ነበር።

ገና እጃችንን ሳንዘረጋ አንድ ሰው በሩን ከፈተ። የአብዮት ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃ ይዟል። ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል፤ ከደጋ ከመጣ ብዙ አልቆየም።

«ሰላም ነው፣ ጓድ?» አለች ሐዋ ሳትነሳ። «ግባ፣ ብላ።»

«እኔ እንኳ አልበላም» አለ። አነጋገሩን እንደሰማሁ አወቅሁት፤ የአገሬ ሰው ነው፣ የሸዋ። ክርስቲያን ነው። «ከዱብቲ የጠፋች ጴንጤ ከነእናቷ እንፈልጋለን። እነዚህ እነማን ናቸው?»

«እህቴና ልጇ። ከባቲ ለጥየቃ መጥተው።»

ደፉ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «እናትየው ባለ ማተብ ናት ብለውናል። ባለ ማተብ ደግሞ ይሄንን አትነካም» አለ፣ ትሪውን በአገጩ እያሳየ። «እስቲ ይብሉ። ትሪው ቀርቦ ለምን እጃቸውን አልዘረጉም?»

ሐዋ ምንም እንዳልሰማች ሆና በሥጋው ላይ ሩዝ ጠቅልላ ጉርሻ አዘጋጀች፤ ወደ አፌ ልታመጣው ነው። የሰው እጅ ሲያጎርስሽ ኃጢአቱ ለሁለት ይከፈላል ብላ ያዘነችልኝ መሰለኝ። እኔ ግን እጇን ያዝኩ። ኋላ ሐዋ ናት ያጎረሰችኝ እንዳልል ነው። የጎድኑን ቁራጭ በራሴ እጅ አነሳሁ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። በሆዴ ነው፤ ማንም አልሰማም። እመቤቴን አልጠራሁም፣ ጊዮርጊስንም። ቀጥታ ለእሱ፦ «ልትሄድ ከሆነ ሂድ። ልጄን ግን አልሰጥም» አልኩት። በላሁ።

ከሻሹ ሥር ማተቤ ከጉሮሮዬ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለተኛም በላሁ። ሦስተኛም። ልጄ ከጎኔ ምንም እንዳልሆነ ትበላለች፤ ለእሷ በእውነትም ምንም አልነበረም። ሰውየው እየተመለከተ ብዙ ቆየ። አንድ ጊዜ ዓይኑ አንገቴ ላይ አረፈ። ሻሹ ተንሸራቶ ይሁን አላውቅም፣ ለመሸፈን እጄን ባነሳ ይብሳል። ዝም ብዬ አኘክሁ።

ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ለሐዋ ሳይሆን ለእኔ፣ ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለ። ወጣ። ደጅ ለቆሙት ጓደኞቹ «እስላሞች ናቸው፣ እንሂድ» ሲል ሰማሁት።

አወቀኝ። አውቆ ተወኝ። ምሕረት ነው የምትሉ ካላችሁ እሺ ምሕረት ይሁን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዝም ብሎ ቢወጣ ምን ነበረበት? በጎ ሥራውን ሠርቶ ላዩ ላይ አመድ ነስንሶበት ሄደ።

ሐዋ አለቀሰች። «አላህ ያውቃል፣ እኔ ነኝ ያቀረብኩልሽ። በእኔ ይሁን።»

«አይደለም» አልኳት፣ «እኔ ነኝ የበላሁ።»

ጽጌ እጄን ይዛ ልታጽናናኝ ሞከረች። «እማዬ፣ ሥጋ ነው እኮ። እሱ በሥጋ አይመጣም፣ በሥጋም አይሄድም።»

«ዝም በይ! እኔ እጅ ነው እኮ ብልሽ እንዴት አየሽኝ? ያንቺ እጅ ሃይማኖት ሆኖ የእኔ አፍ ሥጋ ብቻ ሆነ? አንቺ ያላደረግሽውን እኔ አድርጌልሽ ነው የተቀመጥሽው።»

ተናግሬ ሳልጨርስ ደነገጥኩ። እሷም ደነገጠች። ቀና ብላ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እናቷ ሃይማኖት እንዳላት ያን ቀን ያወቀች ይመስል ጉልበቴን ሳመች። ሁለተኛ ስለ ሥጋው አላነሳችብኝም።

ይሄን ልጨምርና ልለፈው። ደርግ ወድቆ ወደ አዋሽ ከተመለስኩ በኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። አርጅተዋል። ሥጋውን ስነግራቸው ደነገጡ፣ ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምኩ። ልጅሽስ የት ደረሰች ብለው ግን አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ የሐዋ አማች በዱቄት ጆንያ መካከል ሸሽጎ ሰርዶን አሳለፈን። መንገዱ ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ ለሁለት ከሚከፈልበት በፊት አወረደንና ሁመድ ለሚባል የአፋር ሽማግሌና ለሚስቱ አስረከበን። ሐዋ ለስንቅ ቂጣ ብቻ ቋጥራልኛለች፤ ሥጋ አልጨመረችም። ያንን አይቼ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ የእግር መንገድ ነው። የድንበሩን የገላፊን ኬላ በግራ ትተን፣ በጥቁር ድንጋይ ላይ፣ ከግመሎቹ ኋላ። የእኛ አገር ድንጋይ ክብ ነው፣ ውኃ አልፎበታል፤ ያኛው እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ነው። ጫማዬ አንዱ ተበጠሰ። የሁመድ ሚስት የራሷን አውልቃ ሰጠችኝ፣ አልቀበልም ብል ተቆጣች፤ ቁጣዋን ለመረዳት አፋርኛ አላስፈለገኝም። ባዶ እግሯን ሄደች። ጽጌ ወደቀች፣ መዳፏ ተላጠ፤ ተነስታ የራሷን ቁስል በራሷ አሰረች፤ ሙያዋ ነው። ፀሐይዋ ስትጠነክር ጥላ ሥር አረፍን፤ ሲቀዘቅዝ ሄድን። ከኋላችን ጥይት ሰማን፤ ሁመድ ጅብ ነው የሚያባርሩት አለ። ጅብ ይሁን ሰው እግዜር ይወቀው፤ እኔ ሽንቴ አመለጠኝ። ይህንንም ጻፍኩ፤ የፈራ ሰው ምን እንደሚሆን እወቁት።

እሑድ ፀሐይ ስትወጣ ሁመድ ቆመ። በበትሩ ወደ ኋላ አሳየና «ኢትዮጵያ» አለ። ከእግሩ ሥር መሬቱን ነካና «ጅቡቲ» አለ። ልዩነቱ አልታየኝም። ያው ድንጋይ፣ ያው እሾህ። ከፊት ለፊታችን ግን አንድ ነጭ ቤትና የእነሱ ዘበኛ ይታያል፤ ዘበኛው በብረት ጣሳ ውኃ ይዞ እየመጣ ነበር፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ። እጅ አንሱ አላለንም።

ጽጌ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አመሰገነች። እንደ ልቧ አለቀሰች፣ ዘመረች። እኔ አልተንበረከክሁም። ልቤ እምቢ አለኝ። በጣም ተቀይሜው ነበር። በእሱ ስም የተነሳ ልጄን ሊገድሉብኝ፣ በእሱ ስም የማልበላውን አብልቶኝ፣ ያሻገሩኝ ደግሞ በስሙ የማይጠሩ ሰዎች። ይሄ ምን ዓይነት ጌትነት ነው? ብዬ ተቀይሜው ቆምኩ።

ቆሜ ሳለሁ የሐዋ «ላንቺስ ማነው?» ትዝ አለኝና ገባኝ። ካድሬው ተረት ነው ይላል፤ ሰው በተረት አይቀየምም። የአባቶቼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቂሜ ከአባቶቼ ጋር በሆነ። እኔ ግን የተቀየምኩት እሱን ነው፤ ሂድ ብዬው ያልሄደውን። ሂድ ያልኩትና ያልሄደ ሰው ደግሞ የራሴ ነው፣ የማንም አይደለም።

ውኃውን ጠጣሁ። ጣሳው የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ በአፌ፣ ልጄ እየሰማች፣ ሁመድም ሚስቱም ዘበኛውም እየሰሙ ተናገርኩት።

«ጌታዬ፣ ቂሜን ገና አልተውኩም» አልኩት። «ግን ደርሰናል። ልጄም እኔም ደህና ነን።»